ምርኩዝ ዘላዩን በክረምት ማን ያስታውሰዋል?



ሰኔ አልቆ ፈተናው ሲያበቃ ተማሪ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደየአገሩ ይበተናል። ሯጩ መንገድ አያጣም፤ ኳስ ተጫዋቹም ሜዳ አያጣም። ምርኩዝ ዘላዩ ግን «በሰላም ግባ፤ ለመስከረም ያድርሰን» ተብሎ ይሰናበታል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እርሱ የሚጠይቅ የለም። በጥቅምት ሲመለስ ጉልበቱ ላልቷል፣ ትከሻው ደንድኗል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ዝለል ይባላል፤ በሁለተኛው ሳምንት እያነከሰ ይቀመጣል። እኛ ከግምጃ ቤትና ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች ይህን ልማድ እንቃወማለን።

«ክረምት የዕረፍት ጊዜ ነው» ለሚሉን የምንመልሰው ከአገራችን ነው። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው ይመስክር። በጥር የሚጋልበው ፈረስ መቀለብ የሚጀምረው በጥር ነውን? ሕዝቡ የሚያየው ያጌጠውን ፈረስ ነው፤ በነሐሴ ዝናብ ሣር ያጨደለትን ሰው ግን ማንም አያየውም። የሠርጉ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ ማለት የሚያሳፍረን በቤታችን ብቻ ነው እንዴ? በሜዳችንስ?

ለመሆኑ ምርኩዝ ዘላይ የሚሠራው ምንድን ነው? ረጅም ምርኩዝ ተሸክሞ በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል፤ ጫፉን ከማቆሚያው ጉድጓድ ይተክላል፤ የሩጫውን ፍጥነት ወደ ላይ ይለውጠዋል፤ በምርኩዙ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ቊልቊል ተገልብጦ እግሩን ወደ ሰማይ ይሰድዳል፤ ዘንጉንም ይሻገራል። እንግዲህ ፍጥነት፣ የክንድና የሆድ ጡንቻ፣ በአየር ላይ ሰውነትን ማዘዝ፤ ከእነዚህ መካከል በውድድር ሰሞን የሚገነባ አንድም የለም። ሁሉም የሚገነባው ውድድር በሌለበት ወራት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይብሳል። በአገራችን አትሌት ማለት ረጅም ርቀት ሯጭ ማለት ሆኗል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ካሸነፈ ጀምሮ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳልያዎች ሁሉ የሩጫ ናቸው፤ ከዝላይም ሆነ ከውርወራ የመጣ አንድ እንኳ የለም። በሯጮቻችን እንኮራለን። ነገር ግን ምርኩዝ ዘላዩን ከእነርሱ ጋር አሰልፎ በየማለዳው ዐሥር ኪሎ ሜትር ማስሮጥ ሥልጠና አይባልም። የስዊድኑ አርማንድ ዱፕላንቲስ እ.ኤ.አ. በ2025 በቶኪዮ 6.30 ሜትር የዘለለ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዙሪክ 100 ሜትር በ10.37 ሰከንድ ሮጧል። ዘላይ የሚፈልገው ይህን ነው፤ አጭርና ፈጣን ሩጫ፣ ዳገት መውጣት፣ በመካከሉም በቂ ዕረፍት።

«መሣሪያ የለንም» የሚለውን ምክንያት ደግሞ ሰልችተናል። እውነት ነው፤ የፋይበር ግላስ ምርኩዝና ወፍራም ፍራሽ ውድ ናቸው። ነገር ግን ለአግድም ብረት፣ ለገመድና ለአሸዋ ምን ያህል ገንዘብ ያስፈልጋል? ብረት ላይ ተንጠልጥሎ እግርን እስከ እጅ ማንሣት፣ ገመድ መውጣት፣ በእጅ መቆም፣ በአንድ እግር መንጠር፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ፍራሽ ይሠራሉ። ዝናብ ቢሆን አዳራሽ አለ። ሰርጌይ ቡብካ እ.ኤ.አ. በ1993 6.15 ሜትር የዘለለው በየካቲት ወር በአዳራሽ ውስጥ ነበር። የእኛ አዳራሽ ግን ክረምቱን ሙሉ ወንበር ታቅፎ ይተኛል።

ቀርከሃውንስ ምን እንበለው? የአዊ ደጋ ሰው አጥሩንም ወንበሩንም የሚሠራበት ቀርከሃ በዓለም ሜዳ የከበረ ዕቃ ነበር። አሜሪካዊው ኮርኔሊየስ ዋርመርዳም እ.ኤ.አ. በ1942 4.77 ሜትር የዘለለው በቀርከሃ ምርኩዝ ነው፤ ክብረ ወሰኑም ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቷል። ይህን ስንል በጓሮ ቀርከሃ አራት ሜትር ዝለሉ ማለታችን አይደለም። ቀርከሃ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀም ሰው ይጎዳል፤ ፍራሽ በሌለበት ዘንግ ከፍ ማድረግም ወንጀል ነው። ነገር ግን ምርኩዝ ተሸክሞ መሮጥን፣ እርምጃ መቊጠርን፣ ክንድን በጊዜው ወደ ላይ መዘርጋትን ለመለማመድ ያልተሰነጠቀ ቀርከሃ ይበቃል። ዝቅ አድርጎ ይዞ በስድስት እርምጃ አሸዋ ላይ መሻገርም ይቻላል። ይህን በክረምት የለመደ ልጅ በጥቅምት እውነተኛውን ምርኩዝ ሲይዝ እንግዳ አይሆንበትም።

«የገበሬ ልጅ በክረምት ሥራ አለበት» የሚሉም አሉ። አዎን፤ እኛም አረም እናርማለን፣ ድንች እንቆፍራለን። ስለዚህ የምንጠይቀው ቀኑን ሁሉ አይደለም። ውድድሩ ካበቃ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይረፍ፤ ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። እኅቶቻችንም አይዘንጉ፤ የሴቶች ምርኩዝ ዝላይ እ.ኤ.አ. ከ2000 የሲድኒ ጨዋታ ጀምሮ የኦሊምፒክ ውድድር ነው። «ለሴት አይሆንም» የሚል አሠልጣኝ ቢኖር ከዘመኑ ወደ ኋላ ቀርቷል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

1ኛ/ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ለእያንዳንዱ ምርኩዝ ዘላይ የክረምት ልምምድ በጽሑፍ አዘጋጅተው ከሰኔ መጨረሻ በፊት ይስጡ።

2ኛ/ በክረምት ግቢ ለሚቀሩ ተማሪዎች አዳራሹ ይከፈት፤ አግድም ብረትና ገመድ ይተከል።

3ኛ/ ዘላዮች ከረጅም ርቀት ሯጮች ልምምድ ተለይተው የራሳቸው ፕሮግራም ይኑራቸው።

4ኛ/ በጥቅምት የሚመለስ ዘላይ ሰውነቱ ሳይመረመርና አራት ሳምንት ሳይዘጋጅ ወደ ዘንግ አይቅረብ።

ከአራቱ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠይቁት አሳቢ ሰው ነው። አፍሪካዊ ይህን ዝላይ አይችልም የሚል ቢኖር የደቡብ አፍሪካው ኦከርት ብሪትስ እ.ኤ.አ. በ1995 6.03 ሜትር ዘልሎ መልሶለታል። ለእኛ ልጆች የጎደላቸው ችሎታ አይደለም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው። የማኅበራችን መሪዎች ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው ያቅርቡ፤ መምህራንም ዘንድሮ ይመልሱልን። ፈረሱ አሁን ይቀለብ!