የጤፍ ማሳውና የባሕሩ ሞገድ

ባለፈው ጥቅምት በአምበር ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ውቅያኖስ ሳስተምር፥ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አነሣና «መምህር፥ ሞገዱ ሌሊትና ቀን ወደ ዳር የሚመጣ ከሆነ፥ ውኃው ሁሉ ወደ የብስ ወጥቶ እንዴት አያልቅም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላስብ «ተመልሶ ይፈሳል» ብዬ አለፍሁት። መልሴ ግን ተማሪውን ቀርቶ እኔንም አላረካኝም።

በዚያው ዕለት ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ከጮቄ በኩል የሚወርደው ነፋስ ያሸተውን ጤፍ ሲያስጎነብሰው አየሁ። ሞገዱ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል፤ ጤፉ ግን ሥሩን ለቆ አልሄደም። አንዱ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ተከታዩ ይጎነበሳል። መልሱ ይኸው ነበረ። በማግሥቱ ተማሪዎቹን ከማሳው ዳር አቁሜ ስሕተቴን አረምሁ።

የባሕር ሞገድም እንደዚሁ ነው። ነፋስ የውኃውን ፊት ይሸበሽበዋል፤ ሽብሽቡም ለነፋሱ መያዣ ይሆነውና እያደር ይገዝፋል። የሞገዱን ቁመት የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የነፋሱ ብርታት፥ የነፈሰበት ጊዜ ርዝመትና ሳይከለከል የሄደበት የውኃ ስፋት። የሚጓዘው ግን ኀይሉ ነው እንጂ ውኃው አይደለም፤ እያንዳንዷ የውኃ ቅንጣት ክብ ሠርታ ወደ ነበረችበት አጠገብ ትመለሳለች። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ለማረጋገጥ ቢፈልጉ በገንዳ ውኃ ላይ ገለባ አኑረው ጠጠር ይጣሉ፤ ገለባው ባለበት ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ከሞገዱ ጋራ ወደ ዳር አይሮጥም።

ሞገዱ ወደ ዳርቻ ሲቀርብ ነገሩ ይለወጣል። የውኃው ጥልቀት ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ተከታዩ ጫፍ ካለው ርቀት ከግማሹ ሲያንስ፥ የሞገዱ እግር ከወለሉ ጋራ መታገል ይጀምራል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ቁመቱ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ራሱ ከእግሩ ቀድሞ ይደፋል። ያን ጊዜ ከሩቅ ተሸክሞ የመጣውን ኀይል በዳርቻው ላይ ያራግፋል። በዐለት ስንጥቅ ውስጥ አየር አምቆ ዐለቱን ይፈለቅቃል፤ የፈለቀቀውንም ድንጋይ እንደ መጅ እያመላለሰ ሌላውን ይፈጭበታል። ወደ ባሕር ገፍቶ የወጣው መሬት ብዙውን ምት ሲቀበል፥ ወደ ውስጥ የገባው ሰላጤ ግን ረጋ ብሎ አሸዋ ያከማቻል። እንግዲህ ሞገድ በአንድ በኩል አፍራሽ፥ በሌላው በኩል ገንቢ ነው።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ከተለየች ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ቢሆንም የሞገድን ሥራ ለማየት ጣና አለልን። ጣና 84 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭር፥ ቀጥ ያለና የተቀራረበ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ለትንሽ ታንኳ ክፉ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በተሻገርሁ ጊዜ ጧት እንደ መስተዋት የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ ታንኳችንን ሲያንገላታት፥ ቀዛፊው የደንገሉን ጥግ ይዞ ተጓዘ።

በደንገሉ መካከል ውኃው የተኛ ነበረ። አንዱ ደንገል ብቻውን ደካማ ነው፤ ሺው ሲተባበር ግን የሞገዱን ጕልበት ይሰብራል፤ ሥሩም የዳርቻውን አፈር አስሮ ይይዛል። ለታንኳ ሥራ ቢያጭዱት ሥሩ እስካለ ድረስ መልሶ ያቈጠቍጣል። የሚያጠፋው ሥሩን ነቅሎ ማረስ ነው፤ በዚህም ምክንያት የጣና ደንገል እጅግ ተመናምኗል። ደንገሉን የሚመነጥር ገበሬ መሬት ያገኘ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የማሳውን አጥር ነቅሎ ለሞገድ በር መክፈቱ ነው።

ይህን ስነግራቸው ያው ተማሪ እጁን አነሣና «እንግዲያ መምህር፥ ደንገሉን ማን ይጠብቀው?» አለ። በዚህኛው ጥያቄ አልቸኰልሁም፤ ለክፍሉ ሁሉ የቤት ሥራ አድርጌ ሰጠሁት። ለእናንተም፥ አንባቢዎቼ፥ እነሆ።