የቡና ዋጋና ሦስተኛው ምክንያት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ቡና በብር የተወደደው በዶላር ምክንያት ብቻ ነው የሚሉ ነጋዴዎች ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የብራዚል ድርቅ የኒውዮርክን ዋጋ ጭምር አውጥቶት፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ4 ዶላር በላይ ተሸጧል። ሁለቱ አብረው ሲወጡ የእያንዳንዱን ድርሻ በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ መዝገብ ገልጦ የኒውዮርክ ዋጋ ያልተነቃነቀባቸውን ሳምንታት ማውጣት፣ በእነዚያም ብቻ ዶላሩን ከአገር ቤት ዋጋ ጋር ማስተያየት ይገባል። (የሒሳብ ሊቃውንት ይህንኑ በቀመር ይሠሩታል፤ ለእኛ ደብተር ይበቃናል።) ሳምንታቱ ጥቂት ከሆኑ ግን ፍርዱ አያስተማምንም። ዶላሩን ብቻ አይቶ ከአቅራቢ በውድ የገዛ ላኪ፣ ኒውዮርክ የወረደ ዕለት ኪሳራውን የሚሸከመው ብቻውን ነው።