የታጠቡ ድንጋዮች

«አጣቢዋ አበላሸችው» ይሉኛል ወዳጆቼ። አልቀበልም! አምባ ጊዮርጊስ ላይ፣ በዚያ አጥንት ሰርሳሪ የወገራ ብርድ፣ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብላ ሱሪዬን ያሸችልኝ ታላቅ እህቴ ምን አጠፋች? ለካሜራዬ ፍላሽ የገዛኋቸውን አራት ቻርጅ የሚደረጉ የባትሪ ድንጋዮች ኪሴ ውስጥ የረሳሁት እኔ ነኝ።

ደግሞስ ሞቱ ያለው ማን ነው? ባለ 1.2 ቮልቱ የኒኬል ድንጋይ ካላፈሰሰና ካልዛገ፣ በደንብ ደርቆ ሊሠራ ይችላል። (የሊትየሙ ነገር ሌላ ነው፤ ውሃ ከገባው እሳት ሊያስነሣ ይችላልና ቻርጀር አጠገብ አይድረስ።)

እኔን የሚያንገበግበኝ «ወዲያ ወርውራቸው» የሚለው ምክር ነው። ወዲያ ማለት የት ነው? ከብቱ የሚጠጣበት ወንዝ አይደለምን? ልጆች ሳለን አሮጌ ድንጋይ ፈልጠን፣ በጥቁር ዱቄቱ የትምህርት ቤቱን ሰሌዳ እናጠቁር ነበር፤ በዚያው እጃችን ቆሎ እንዘግናለን። ያኔ አላወቅንም። ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ከወጣ በኋላስ «አላወቅንም» ብንል ማን ያምነናል? አዋጅ አውጪውም ቢሆን ይጠየቅ፤ አሮጌ ድንጋይ የሚረከብ አንድ ሣጥን እንኳ በሠፈሬ አላየሁም።

አራቱንም መስኮት ላይ አሰጣኋቸው። ሁለቱ ሠሩ። ሁለቱ ተረካቢ እስኪገኝ በጣሳ ተቀምጠዋል።