መርፌው በቂሊንጦ፣ እሳቱ በማን እጅ?

በአውሮፕላን ውስጠኛ ግድግዳና በውጭው ቅርፊት መካከል ተሳፋሪ የማያየው ለስላሳ ንጣፍ አለ። ንጣፉ ፋይበርግላስ ከሚባለው ከቀጭን የመስታወት ክር ይዘጋጃል፤ በስስ ፕላስቲክ ይለበጣል፤ እንደየቦታው ቅርጽ ተቆርጦም ይሰፋል። በበረራ ከፍታ ላይ ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚደርሰውን የውጭ ብርድ ይመክታል፤ የሞተሩንና የነፋሱንም ጩኸት ያረግባል። የሙያው ሰዎች ብርድ ልብስ ይሉታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦይንግና ከኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሟል። ዓላማው ይህንኑ ብርድ ልብስ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅልና ከሌሎች ክፍሎች ጋር፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርክ ማምረት ነው። በውጭ በሚኖረው ምሁር ዘንድ ለዚህ ዓይነቱ ዜና የሚሰጠው ምላሽ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን «ኢትዮጵያ የአውሮፕላን አካል አምራች ሆነች» ብሎ ያጨበጭባል። ሌላው «ስፌት ነው፤ ከሸሚዝ በምን ይለያል?» ብሎ ያጣጥላል።

ሁለቱም የሚያዩት መርፌውን ብቻ ነው፤ አንዱ አግዝፎ፣ ሌላው አሳንሶ። የዚህ ዕቃ ዋጋ ግን ከስፌቱ አይመነጭም። ዋጋው ያለው እሳት ፊት ቆሞ ማለፉን በሚመሰክረው ፍተሻ ላይ ነው። ስለዚህ ለመንግሥትና ለአየር መንገዱ የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት ሰው ይቀጠራል?» በሚለው ሊያበቃ አይገባም። ፍተሻውን የሚያካሂደው፣ ውጤቱን የሚያነበውና ዕቃው ሲወድቅ ለምን እንደወደቀ የሚያውቀው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ በውሉ ውስጥ መልስ ካልተጻፈ ቂሊንጦ ሁለተኛ ሐዋሳ ይሆናል።

ብርድ ልብሱና እሳቱ

የዚህ ንጣፍ ሕግ የተጻፈው በሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1985 በእንግሊዝ ማንቸስተር አንድ የብሪቲሽ ኤርቱርስ ቦይንግ 737 ለመነሣት በመንደርደር ላይ ሳለ ሞተሩ ፈነዳና በእሳት ተያያዘ። እሳቱ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአልሙኒየሙን ቅርፊት በስቶ ገባ፤ 55 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ከመሬት አልተነሣም ነበር። የጎደለው ተሳፋሪው የሚወጣበት ጥቂት ደቂቃ ነው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 ደግሞ ከኒውዮርክ ወደ ጄኔቫ ይበር የነበረው የስዊስኤር በረራ 111 ካናዳ ጠረፍ ላይ ወድቆ 229 ሰዎች አለቁ። የካናዳ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ሪፖርት እንዳስረዱት፣ እሳቱ የተነሣው ከአብራሪዎቹ ክፍል ጣሪያ በላይ ሲሆን፣ ሳይሆን አይቀርም ከኤሌክትሪክ ሽቦ የፈነጠቀ ብልጭታ ነው ያቀጣጠለው። እሳቱን ያዛመተው የብርድ ልብሱ ሽፋን፣ ማለትም ብረት የተቀባው ስስ ፕላስቲክ ነበር። ከሁሉ የሚከብደው ግን ያ ሽፋን በጊዜው ሕግ የሚጠይቀውን የእሳት ፍተሻ ያለፈ መሆኑ ነው። ዕቃው አልተጭበረበረም፤ ስፌቱም አልተበላሸም። ጉድለቱ የፍተሻው ነበር።

ስለዚህ የተለወጠው ፍተሻው ነው። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2000 ያ ሽፋን ከማክዶኔል ዳግላስ አውሮፕላኖች ላይ እንዲነሣ አዘዘ። በ2003 ደግሞ አዲስ ደንብ አወጣ። ደንቡ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ንጣፉ ትንሽ እሳት ሲነካው ነበልባል በላዩ እንዳይዛመት። ሁለተኛ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ተሳፋሪ በሚይዝ አውሮፕላን የታችኛው አካል ላይ፣ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚደርስ ነበልባል ቢያንስ ለ4 ደቂቃ ሳይበሳው እንዲቆይ። በማንቸስተር የጠፋው ጊዜ በሕግ የተመለሰው በእነዚህ 4 ደቂቃዎች ነው። ይህን ለውጥ ያመጡት ሰዎች ከስፌት ጠረጴዛ አልተነሡም። የመጡት ከቤተ ሙከራ፣ ከምርመራ ቢሮና ከተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 ለንደን ሂትሮው ላይ ባዶውን ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 በኋለኛው የጣሪያ ክፍል፣ ተሳፋሪ በማያየው ስፍራ፣ በእሳት ተያያዘ። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጡት ሪፖርት መነሻው የአደጋ ጊዜ መልእክት ማስተላለፊያው የሊቲየም ባትሪ እንደነበር ገለጡ፤ ሽቦዎቹ ከባትሪው ክዳን ሥር ተጨፍልቀው ሳይነካኩ እንዳልቀሩም አስረዱ። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ወደ በረራ ተመለሰ። ከእሳቱ የተገኘው ዕውቀት ግን የተከማቸው ኪሳራው የደረሰበት አገር ሳይሆን ምርመራውን ያካሄደው አገር ዘንድ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019 የወደቀው በረራ 302 ደግሞ ከዚህ የከበደ ትምህርት ትቶ አልፏል። 157 ነፍስ የጠፋው የአሜሪካው ተቆጣጣሪ የምስክርነቱን ሥራ በከፊል ለአምራቹ ለራሱ አሳልፎ በሰጠበት ሥርዓት ነበር። የሌላውን ማረጋገጫ ሳይመረምር የሚቀበል አገር ምን እንደሚከፍል ከኢትዮጵያ የበለጠ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

የሐዋሳ ትምህርት

የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅም ጭብጨባው እንዲሁ ነበር። ዓለም አቀፍ ስም ያላቸው የልብስ ኩባንያዎች መጡ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ተቀጠሩ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ትልቁ ባለሀብት ፒቪኤች መውጣቱን አስታወቀ፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ተሰረዘች።

ባለሀብቱ ሲሄድ ምን ይዞ ሄደ? ንድፉን፣ ገበያውን፣ የጥራት መለኪያውን፣ የጨርቁን ምንጭ። ቀርቶ የነበረው ሼዱና ሥራ ፈት የሆነ እጅ ነው። ርካሽ ጉልበትን ብቻ አቅርቦ የሚደራደር አገር የሚያጣው ሲተዉት ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ያተረፈው ትንሽ ነው። የቂሊንጦ ውልም የመስታወቱን ክር ከውጭ፣ ሽፋኑን ከውጭ፣ ንድፉን ከውጭ፣ የፍተሻ ምስክሩን ከውጭ አስመጥቶ በኢትዮጵያ ድርሻ መቁረጥና መስፋትን ብቻ ካስቀረ፣ ያው የሐዋሳ ሒሳብ በክንፍ ተመለሰ ማለት ነው።

«መጀመሪያ መስፋት፣ ከዚያ መማር»

ለዚህ ሙግት የሚሰጠው ጠንካራ መልስ ይታወቃል፦ ማንም አገር ከላይ አልጀመረም፤ ሰፍቶ ነው የተማረው። ብዙ ጊዜ የምትጠቀሰው ምስክር ሞሮኮ ናት። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ2001 ሮያል ኤር ማሮክ፣ ቦይንግና የፈረንሳዩ ላቢናል በካዛብላንካ ማቲስ የተባለውን የአውሮፕላን ሽቦ ጥቅል ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ዛሬ ሞሮኮ ሰፊ የአቪዬሽን ኢንዱስትሪ አላት። ነገር ግን ሞሮኮ ዕውቀቱ በራሱ ጊዜ ከፋብሪካው እስኪፈልቅ አልጠበቀችም። መንግሥትና ኢንዱስትሪው ተባብረው እ.ኤ.አ. በ2011 እዚያው ካዛብላንካ ለአቪዬሽን ሙያ ብቻ የቆመ የሥልጠና ተቋም ከፈቱ። ብራዚልም ኤምብራየርን እ.ኤ.አ. በ1969 ከማቋቋሟ በፊት፣ በ1950 የአቪዬሽን ቴክኖሎጂ ተቋሟን ከፍታ ነበር። ትምህርት ከስፌት እንደ ጥላ አይከተልም፤ የሚመጣው ሲታቀድ ነው።

የስዊድኗ ቦሮስ ከተማ ደግሞ ነገሩን ከሌላው ጫፍ ታሳያለች። ቦሮስ የስዊድን የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነበረች። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ስፌቱ ጉልበት ወደ ረከሰባቸው አገሮች ሄደ። በዚያው በ1970ዎቹ ግን መንግሥት የአገሪቱን የፍተሻ ተቋም ከስቶክሆልም ወደ ቦሮስ አዛወረው። ዛሬ ራይዝ በሚባለው ተቋም ሥር ያለው የእሳት ቤተ ሙከራ እዚያው ይሠራል፤ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ቤቱም ቆሟል። ስፌት ደመወዝ ወደ ረከሰበት ይሰደዳል፤ ፍተሻና ትምህርት ግን ሥር ይሰዳሉ።

ምሳሌ ለማግኘት ባሕር መሻገርም አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር በተደረገ ውል ተመሠረተ። አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ ሥራ አስኪያጁም የውጭ ሰው ነበር። ይሁንና ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ መተካት ግብ ተደርጎ ተያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ሥምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ዛሬ አህጉሩ የሚኮራበት የጥገና ማዕከል የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው። ለአውሮፕላን ጥገና የተጠየቀው ነገር ለአውሮፕላን ብርድ ልብስ የማይጠየቅበት ምክንያት የለም።

የሠራተኛዋ ሳንባ

ሌላም ያልተነገረ ነገር አለ። ለአውሮፕላን የሚውለው የመስታወት ክር እንዲቀል ሲባል ከሰው ጠጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። ሲቆረጥ ይበናል፤ ቆዳ ያሳክካል፤ ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ግምገማ ተራውን የሕንፃ የመስታወት ሱፍ ካንሰር አምጪ ነው ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ሲል፣ ለልዩ አገልግሎት የሚዘጋጁ አንዳንድ ቀጫጭን ክሮችን ግን «ካንሰር ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል» በሚለው ምድብ አስቀምጧል። ይህ ፍርድ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ቂሊንጦ የሚገባው ክር የትኛው እንደሆነ፣ አየሩ ስንት ጊዜ እንደሚለካ፣ መምጠጫ መሣሪያው የት እንደሚተከል ማሽኑ ከመግባቱ በፊት መታወቅ አለበት።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ እንዲያቀርብና የደኅንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያዛል። ዝቅተኛውን ደመወዝ ግን በቁጥር አልወሰነም፤ ለደመወዝ ቦርድ ትቶታል። የስዊድን ሕግ ደግሞ አንድ እርምጃ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የሥራ አካባቢ ሕግ መሠረት፣ በሠራተኞች የተመረጠ የደኅንነት ተወካይ ለሕይወት ወይም ለጤና ብርቱና ፈጣን አደጋ ሲያይና አሠሪው ሳያስተካክል ሲቀር፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እስኪወስን ድረስ ሥራውን ማስቆም ይችላል። በስቶክሆልም ቤተ ሙከራና ሆስፒታል የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ በየዕለቱ የሚጠለልበት መብት ነው። ለቂሊንጦዋ ሠራተኛ ሲሆን «ገና ነው» የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ውሉ ውስጥ ሊገባ የሚገባው

ከስቶክሆልም በስተደቡብ የምትገኘው ፍሌሚንግስቤሪ ለዚህ ጉዳይ የምትሰጠው ምሳሌ ቀላል ነው። ትልቁ የሁዲንጌ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1972 እዚያ ተከፈተ፤ የሶደርቶርን ዩኒቨርሲቲ በ1996 ተጨመረ፤ የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩትና የንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋምም ክፍሎቻቸውን አስጠጉ። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱና ተማሪው በአንድ የባቡር ጣቢያ ይወርዳሉ። ጉርብትናው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የተደጋገመ የመንግሥት ውሳኔ ውጤት ነው።

ቂሊንጦም ጎረቤት አላት፦ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ። ይህ ጉርብትና በካርታ ላይ እንዳይቀር ሦስት ነገሮች በውሉ መጻፍ አለባቸው። አንደኛ፣ በተወሰነ ዓመት ውስጥ በዩኒቨርሲቲው ወይም በአጠገቡ የሚቆም፣ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው የእሳትና የቁስ ፍተሻ ቤተ ሙከራ። መሣሪያው ከአውሮፕላን ውጭ ለሕንፃ፣ ለአውቶቡስና ለኤሌክትሪክ ዕቃም ያገለግላል። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መሐንዲሶች በፍተሻውና በጥራት ቁጥጥሩ ላይ ከመጀመሪያው ቀን የሚገኙበት ድንጋጌ። ሦስተኛ፣ የአየር ልኬት፣ የሳንባ ምርመራና ሥራ የማስቆም መብት፣ ከኑሮ ጋር ከተገናዘበ ደመወዝ ጋር።

ይህ ሁሉ ባለሀብት ያሸሻል የሚል ይኖራል። አየር መንገዱ ግን እንደ ሐዋሳ ለማኝ ሆኖ አይደራደርም። በአፍሪካ ከቦይንግ ትላልቅ ደንበኞች አንዱ ነው፤ አውሮፕላን ሲገዛ የሚጠይቀው ዋጋ ብቻ መሆን የለበትም። የገዢነት ጉልበት የሚሠራው ከግዢው ፊርማ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልመና ነው።

በውጭ ያለው ባለሙያም ከጭብጨባና ከሽሙጥ የተሻለ ሥራ አለው። የእሳት መሐንዲሱ የቤተ ሙከራውን ዝርዝር፣ የሥራ ጤና ሐኪሟ የአየር ልኬቱን መመዘኛ፣ የሕግ ባለሙያው የውሉን አንቀጽ ረቂቅ ማዘጋጀት ይችላሉ። ከሁሉ በፊት ግን ሁሉም አንድ ላይ ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ፦ ስምምነቱ ለሕዝብ ይገለጥ። የፍተሻው አንቀጽ በውስጡ ካለ አገሪቱ ሙያ እየገዛች ነው። ከሌለ ደግሞ፣ ጊዜው ሳያልፍ፣ እጅ እያከራየች መሆኑን በስሙ መጥራት ይገባል።