ለሁሉም የተከፈተ ፎልደር

ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ያለ ፎልደር ከዊንዶውስ ኮምፒውተር አልከፈት ሲል በየቢሮው የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፦ የፎልደሩን ፈቃድ 777 (ለማንም ሙሉ በሙሉ ክፍት) ማድረግ፣ ማንም ያለ ይለፍ ቃል እንዲገባ መፍቀድ፣ ያም ካልሠራ ኤስኤምቢ 1 የተባለውን አሮጌ የፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮል መልሶ ማብራት። ፋይሉ ይከፈታል፤ ባለሙያውም ይመሰገናል። ይህ ግን ጥገና አይደለም።

ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ሊኑክስንና ዊንዶውስን የሚያገናኘው ሳምባ የተባለው ሶፍትዌር የይለፍ ቃሎችን የሚይዘው ከሊኑክሱ መዝገብ ለይቶ ነው። ሠራተኛዋ ሊኑክሱ ላይ አካውንት ቢኖራትም በሳምባ በኩል ካልተመዘገበች አትገባም። ምዝገባው በአንድ መስመር ትእዛዝ ያልቃል። ሰርቨሩ «ማን ነሽ?» ሲል መልሱን መስጠት እየተቻለ ጥያቄውን ለምን እናጠፋለን? በኋላ የደመወዝ ዝርዝሩን ማን እንደለወጠው ሲጣራ በስም የሚገኘው «ኖቦዲ» የሚባለው የጋራ አካውንት ብቻ ነው።

ኤስኤምቢ 1 ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው በዊንዶውስ ኤስኤምቢ 1 ክፍተት ነው፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ ሰርዘዋል። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ኤስኤምቢ 1ን ከዊንዶውስ 10 ማስወጣት ጀመረ፣ ሳምባም በ2019 በ4.11 እትሙ ዘጋው። ሠሪዎቹ የዘጉትን እኛ «ለጊዜው» ብለን እንከፍታለን፤ ለጊዜው የተባለውም ዓመታት ይቆያል።

ሊኑክስ ስለሆነ አያሰጋም የሚሉ አሉ። በዚያው በግንቦት 2017 ሳምባ ውስጥም ከ2010ሩ 3.5 እትም ጀምሮ የነበረ ክፍተት ይፋ ሆኗል፦ ፎልደሩ ላይ መጻፍ የሚችል ሰው የራሱን ኮድ ሰርቨሩ ላይ ማስኬድ ይችል ነበር። ፎልደሩ ለሁሉም ክፍት በሆነበት ቢሮ ያ ሰው ማንም ሊሆን ይችላል።

ከኤስኤምቢ 1 ሌላ የማያውቅ አሮጌ ስካነር ያለበት ቢሮ ችግሩ እውነተኛ ነው። ስካነሩ በኤፍቲፒ ወይም በኢሜይል መላክ ይችል እንደሆነ ይታይ። ካልቻለ ከሌላው ኔትወርክ ተለይቶ ለእሱ ብቻ የሚያገለግል ትንሽ ሰርቨር ይመደብለት፤ የሠራተኛ ሰነድ የያዘው ዋናው ሰርቨር ግን በእሱ ምክንያት አይከፈት።