ላስቲክም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል

ለክረምት ደጎሎ ስንገባ አባቶቻችን «ለመሆኑ ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ ምን ሆኖ ነው የሚሄደው?» ቢሉን ምን እንመልሳለን? «ኤሌክትሮን ይፈስሳል» ማለት የፈተና መልስ ነው።

በመዳብ ውስጥ ኤሌክትሮኑ እንደ ተለቀቀ ከብት ይዘዋወራል፤ በላስቲክ ውስጥ ግን የታሰረ ነው፤ ሽቦ በላስቲክ የሚሸፈነውም ስለዚህ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1977 ሺራካዋ፣ ማክዳይርሚድና ሂገር ፖሊአሴቲሊን የተባለውን ፖሊመር አዮዲን ቢያስነኩት የማስተላለፍ ኃይሉ በሚሊዮን እጥፍ አደገ፤ በ2000 ለኖቤል ሽልማት በቁ። አዮዲኑ ከሞለኪውሉ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ባዶውን ቦታ ጎረቤቱ ይሞላዋል። በድግስ ዳስ አንዱ ሲነሣ ሌላው ጠጋ፣ ቀጣዩም ጠጋ ሲል ባዶው መቀመጫ በሩ ድረስ እንደሚደርስ ማለት ነው።

ይህ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር እንዲህ ያሉ ፖሊመሮችን ለዓመታት መርምረዋል። እኛ ግን ቀመሩን ሸምድደን፣ አንድም ነገር በእጃችን ሳንለካ እንመረቃለን!

መሣሪያ የለም ማለት አይበቃም። አንድ ባትሪ፣ አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያና የተቀረጸ እርሳስ ለመጀመሪያው ትምህርት ይበቃሉ። መምህራኖቻችን ሆይ፣ ከጥቁር ሰሌዳው በፊት መለኪያውን አስጨብጡን፤ ያልለካነውን ለአባቶቻችን ማስረዳት አንችልምና።