«የሥራ ዕድል ተፈጠረ» — በስንት ብር?

እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ ፋብሪካ በተመረቀ ቁጥር የምንሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ እንግዶቹ ፋብሪካውን እየተዘዋወሩ ይጎበኛሉ፣ ከዚያም ዜና አንባቢው «ለይህን ያህል ሺህ ዜጎች የሥራ ዕድል ይፈጥራል» ይላል። አለቀ። ሥራው በወር ስንት እንደሚከፈልበት የሚጠቅስ ዜና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በሁለት ዓመት የጋዜጠኝነት ትምህርቴ፣ ዜና ማድመጥ የቤት ሥራዬ ሆኖ እንኳ፣ አላጋጠመኝም። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብለን ተምረናል፤ «በስንት» የሚለው ግን አልተነገረንም መሰለኝ። ይባስ ብሎ «ርካሽ የሰው ጉልበት» የሚለው ሐረግ እንደ ቡናና እንደ ሰሊጥ ለገበያ የሚቀርብ የአገር ሀብት ሆኖ ይነበባል። ርካሽ የተባለው እኮ ሰው ነው!

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ እስከ 60,000 ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ነበር። ተስፋው ባዶ ነበር ማለቴ አይደለም። ከገጠር የመጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዝተኛ ሆነዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና የሰብአዊ መብት ማዕከል በግንቦት 2011 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በጊዜው ምንዛሬ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ጥናቱ ለባንግላዴሽ ያስቀመጠው 95፣ ለኬንያ ደግሞ 207 ዶላር ነው። ልብስ ሰፍተው ለዓለም ከሚልኩ አገሮች ሁሉ የእኛ ዝቅተኛው ነበር።

ለምን? «ሠራተኛው ገና አልሠለጠነም፣ ምርታማነቱ ዝቅተኛ ነው» የሚል መልስ አለ፤ እውነትነትም አለው። ግን ደመወዝ የሚቆረጠው በምርታማነት ብቻ አይደለም፣ በድርድርም ነው። በድርድር ደግሞ የሚያሸንፈው «ተወው፣ ሄድኩ» ማለት የሚችለው ነው። መርካቶ ገብቶ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጀርባችሁን ስታዞሩ ነው ነጋዴው «ና እንጂ ወንድሜ፣ ስንት ትላለህ?» የሚላችሁ። ግሎባላይዜሽን የሚባለውን ነገር ከመጻሕፍቱ ይልቅ እኔ የተረዳሁት በዚህ ነው። ፋብሪካው ጀርባውን ማዞር ይችላል። ሠራተኛዋስ ወዴት ትዞራለች?

ማዞር መቻሉን ደግሞ አይተናል። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉት የልብስ ምልክቶች ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ በኅዳር 2014 ዓ.ም. አስታወቀ። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ያስወጣችው ደግሞ በዚሁ ዓመት ታኅሣሥ ወር ነው። አንዱ ውሳኔ በኩባንያው ቢሮ፣ ሌላው በዋሽንግተን ተወሰነ። የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጠችው ልጅ በሁለቱም ቦታ ወንበር አልነበራትም።

እርግጥ ሠራተኛዋም ትሄዳለች። ያ ጥናት እንደሚለው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ የሠራተኛውን ቁጥር ያህል አዲስ ሰው መቅጠር ነበረባቸው። የዶርም ጓደኛዬ እህት በአንድ ፋብሪካ ዘጠኝ ወር ሠርታ ነው የወጣችው። አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር፤ ፍራሹ ሁለት ስለሆነ በፈረቃ ይተኙ ነበር አለኝ። «ለአለቃሽ ለምን አልነገርሽውም?» ብላት «ምን ብዬ? እኔ ስወጣ በሩ ላይ ሌላ አለች» አለችኝ። ይህን መልስ ከማንኛውም የኢኮኖሚክስ ሌክቸር የበለጠ አስታውሰዋለሁ። እሷ ስትሄድ ብቻዋን ነው፤ ኩባንያው ሲሄድ ግን ሥራውን ይዞ ነው የሚሄደው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ድሩን ጨርቅ አድርገው የሚሰፉት ግን አንድ በአንድ ነው የሚበተኑት።

ሌላው ማስፈራሪያ ማሽኑ ነው። በክፍላችን ስንከራከር አንድ ጓደኛችን «ደመወዝ ካስጨመራችሁ ሮቦት ያመጣሉ፣ ያኔ 750ውም ይቀራል» አለ። ፍርሃቱን ከመሬት ተነስቶ አላመጣውም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት በካምቦዲያ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ልብስና ጫማ ሠራተኞች 88 በመቶው ሥራቸውን በማሽን የመነጠቅ ከፍተኛ አደጋ አለባቸው ብሎ ነበር። ግን ስፌት ለሮቦት አስቸጋሪ ነው፤ ጨርቅ እንደ ብረት ባለበት አይቆምም፣ ይሸሻል፣ ይጨማደዳል። አዲዳስ ጫማ በሮቦት የሚሠሩ ሁለት ፋብሪካዎች በጀርመን አንስባክና በአሜሪካ አትላንታ ከፍቶ ብዙ ተወራላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን እንደሚዘጋቸው አስታወቀ፤ ቴክኖሎጂውንም እስያ ላሉ አቅራቢዎቹ እንደሚያስተላልፍ ተናገረ። ማሽን አይመጣም እያልኩ አይደለም፤ ጨርቅ መቁረጡ በብዙ ቦታ በኮምፒውተር ሆኗል። የምለው ማሽኑ ሳይመጣም ሥራውን ይሠራል ነው። ልጅ ሲያስቸግር «አያ ጅቦ መጣ» እንደሚባለው፣ ስሙ ብቻ ሠራተኛውን ዝም ያሰኛል።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2024 በአሜሪካ ምሥራቅና በገልፍ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ያሉ የወደብ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በትክክል ይኸው የማሽን ነገር ነበር። በሦስተኛው ቀን በስድስት ዓመት 62 በመቶ የሚደርስ የደመወዝ ጭማሪ ይዘው ተመለሱ፤ ስለ ማሽኑም በቀጣዩ ጥር ተስማሙ። ጉልበታቸው ከየት መጣ? ማኅበራቸው ጠንካራ ነው፤ ከዚያም በላይ ወደብ ተነቅሎ አይሄድም። ኒውዮርክ የሚራገፍ ኮንቴይነር «ደመወዝ ተወደደ» ተብሎ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ አይራገፍም።

«እንግዲያው ፋብሪካው መሄድ የሚችል ሁሉ ተሸናፊ ነው?» ትሉ ይሆናል። የባንግላዴሽ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የእነሱም ፋብሪካ ተነቃይ ነው፤ የሚሰፉትም ለእነዚያው ገዢዎች ነው። ልዩነቱ በሕግ የተቋቋመ የደመወዝ ቦርድ መኖሩ ነው። ዝቅተኛው የስፌት ሠራተኛ ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2010 3,000 ታካ፣ በ2013 5,300፣ በ2018 8,000፣ በ2023 ደግሞ 12,500 ታካ ሆነ። በነፃ አልመጣም። የመጨረሻው ጭማሪ ሠራተኛው 23,000 ጠይቆ፣ አደባባይ ወጥቶ፣ ሰዎች ሞተው የተገኘ ነው፤ የኑሮ ውድነቱም ብዙውን በልቶታል። ቢሆንም ገዢዎቹ ጠቅልለው አልሄዱም፤ ባንግላዴሽ አሁንም ልብስ ከሚልኩ ታላላቅ አገሮች አንዷ ናት። ወለሉ ለሁሉም ፋብሪካ አንድ ሲሆን፣ አንዱ አሠሪ ሌላውን በርካሽ ደመወዝ የሚያሸንፍበት መንገድ ይጠባል።

እኛ ጋስ? የመደራጀት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ተጽፏል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚወከሉበት፣ በጥናት ላይ ተመሥርቶ ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ታዲያ አዋጁ 5 ዓመት ሲሞላው እንኳ ለግሉ ዘርፍ አንድም ዝቅተኛ ደመወዝ አልተወሰነም ነበር። «ባለሀብት ይሸሻል» የሚሉ አሉ። በ26 ዶላር የመጣውም እኮ ሄደ፤ የሄደው ደግሞ ደመወዝ ተወዶበት አይደለም።

በዚያ አምስት ዓመት ውስጥ የሆነ አንድ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 2,000 ብር የምትቀበል ልጅ ለውጭው ገዢ 35 ዶላር ገደማ ታስከፍል ነበር፤ አሁን 20 ዶላር እንኳ አትሞላም። ማንም ደመወዟን አልቀነሰም፣ ማንም አላነጋገራትም። ዘይቱና የቤት ኪራዩ ግን ከዶላሩ ጋር ወጣ። እንዲህ ያለው ነገር የሚነሳበት ጠረጴዛ ያ በአዋጅ የተጻፈው ቦርድ ነበር፤ በዚያ ሐምሌ ደግሞ የስብሰባ ጥሪ የሚጽፍለት ሰው እንኳ አልነበረውም።